መልስ፦ ከጎረቤት አገር አብያተ ክርስቲያናት ጋር አጋርነት እንዴት ይጀመራል?

ፒያሳ የሚገኘው ጉባኤያችሁ ከኬንያና ከደቡብ ሱዳን አብያተ ክርስቲያናት ጋር አጋርነቱን ከምን ይጀምር ብለው ለጠየቁት፣ የመግባቢያ ሰነድ ከመፈራረም በፊት እንደ ስደተኞች አገልግሎት ያለ አንድ ውሱን የጋራ ሥራ መምረጥን አስቀድማለሁ፤ ከፊርማና ከፎቶግራፍ ያላለፈ ወዳጅነት ሞልቷልና።

በጥር 1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት የግብፅ፣ የሶርያ፣ የአርመን፣ የሕንድና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት፣ በእምነት አንድ ሆነው ሳለ ለዘመናት ተራርቀው የኖሩ ስለ ነበሩ፣ ጉባኤውን በመግለጫ ብቻ ሳይዘጉ ክትትሉን ለቋሚ ኮሚቴ ሰጥተዋል። እናንተም ከየወገኑ ተጠሪ ሰይሙ።

ለመተዋወቂያ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ የሆነው የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ጥሩ በር ነው። የገንዘቡን አያያዝ ገና ሳይላክ በጽሑፍ ተስማሙበት። በደብዳቤያችሁ ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ የእነሱ ገና አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ታኅሣሥ 16 ላይ ስለሚውል ስብሰባ ሲቀጠር ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ብዙ ያደናግራል።