«በእጥፍ ቀነሰ» ይባላል?

ጥያቄ፦ የምሠራው የኢኮኖሚ ጥናት በሚያካሂድ ተቋም ውስጥ ነው። ጥናት ሲያልቅ ለአጠቃላይ አንባቢ የሚሆን አጭር የአማርኛ ማጠቃለያ አዘጋጃለሁ። ሰሞኑን ስለ ኢኮኖሚ ማሻሻያው በወጣ ጽሑፍ ላይ «የብር የምንዛሪ ዋጋ በእጥፍ ቀነሰ»፣ ደግሞም «የዋጋ ንረት በ13.7 በመቶ ቀነሰ» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ ሁለቱም ስህተት ናቸው አለኝ። እኔ ግን በየዜናው የምሰማው ይህንኑ ነው። ማን ነው ልክ? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ናቸው። እርስዎም እንዳሉት ግን አነጋገሩ በየዜናው ሞልቷል፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ከ«እጥፍ» እንጀምር። ቃሉ ከ«አጠፈ» ጋር ዘመድ ነው። ነጠላ ሲያጥፉት ድርቡ ሁለት ይሆናል፤ ደግመው ሲያጥፉት አራት። እጥፍ ስንል የምንቆጥረው ያንን ድርብ ነው። «በእጥፍ ጨመረ» ማለት የነበረውን ያህል ተደረበበት ማለት ነው። እንግዲህ «በእጥፍ ቀነሰ» ከተባለ የነበረውን ያህል ተነሳለት ሊሆን ነው። የነበረውን ያህል ካነሱለት ምን ይተርፈዋል? ምንም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ከ120 ብር አለፈ። እዚህ ላይ በእጥፍ የጨመረው ዶላሩ ነው። ብሩ ያጣው ከግማሽ በላይ ዋጋውን ነው። ሁለቱ አባባሎች ስለ አንድ ነገር ያወራሉ፤ ቁጥራቸው ግን አንድ አይደለም።

ይህን ልዩነት አጥብቄ የምይዘው በምክንያት ነው። ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር ሲዳከም አንድ ዶላር ከ23 ብር ከ40 ሳንቲም ገደማ ወደ 26 ብር ከ90 ገደማ ሄደ። ሁሉም ሰው «ብር በ15 በመቶ ወረደ» አለ። እስቲ በኪስዎ 100 ብር ይያዙና ያስሉት። በፊት 4 ዶላር ከ27 ሳንቲም ይመነዘር ነበር፤ በኋላ 3 ዶላር ከ72 ሳንቲም ሆነ። የወረደው 13 በመቶ ገደማ ነው። 15 በመቶ የጨመረው ዶላሩ ነው።

13 እና 15 ይቀራረባሉ፤ ችግር የለውም ሊሉ ይችላሉ። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የሆነውን ይዩት። ለረጅም ዘመን 2 ብር ከ07 ሳንቲም የነበረው ዶላር 5 ብር ተባለ። ዶላሩ በ142 በመቶ ገደማ ጨመረ። ብሩ በ59 በመቶ ገደማ ወረደ። ሁለቱም ትክክለኛ ቁጥሮች ናቸው። ግን አንዱ ጸሐፊ «ብር በ142 በመቶ ወረደ» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው ምን ይረዳ? ከመቶ በላይ የሚወርድ ዋጋ የለም። የጨመረውን ወይም የቀነሰውን በስሙ መጥራት ግድ ነው። «ምንዛሪ ወረደ» ብቻ ማለትም አያዋጣም፤ የቱ እንደወረደ አይለይም።

መንገዴን ሳልስት አንድ ነገር ልጨምር። «በሦስት እጥፍ ጨመረ» ሲባል 100 የነበረው 300 ሆነ ወይስ 400? ሰው ሁለቱንም ይረዳል። «ሦስት እጥፍ ሆነ» ቢሉ ግን 300 ነው፤ ክርክር የለም። በጥናት ጽሑፍ ውስጥ «ሆነ»ን እመርጣለሁ።

ወደ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገርዎ ስንመጣ ጉዳቱ ይብሳል። እዚህ ያጣላው አንዲት ፊደል ናት። «በ13.7» ሲሉ የቀነሰውን መጠን ተናገሩ። «ወደ 13.7» ቢሉ ደግሞ የደረሰበትን። የስታቲስቲክስ አገልግሎት ባወጣው መሠረት ዓመታዊው ንረት ሐምሌ 2016 ላይ 18.6 በመቶ ነበር፤ ሐምሌ 2017 ላይ 13.7 በመቶ ሆነ። ስለዚህ የቀነሰው ወደ 13.7 ነው። በስንት? በ4.9 የመቶኛ ነጥብ፤ የመቶኛ ነጥብ የሚባለው የሁለቱ መቶኛዎች ልዩነት ነው። «በ4.9 በመቶ» አይበሉ፤ የ18.6 4.9 በመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። አንዳንዱ «በ» ተደጋገመ ብሎ መጀመሪያ ያለውን ያወጣና «13.7 በመቶ ቀነሰ» ይላል። ያኔ «በ»ም «ወደ»ም ጠፋ፤ አንባቢው ይገምታል።

ንረት ቀነሰ ሲባል ደግሞ ብዙ ሰው ዋጋ ቀነሰ ብሎ ይሰማል። ገበያ ወጥቶ ሲያየው ግን ሌላ ነው። ጥናቱን ያወጣው ሁሉ ዋሽቶታል ብሎ ያስባል። ሐምሌ 2015 ላይ 100 ብር የነበረ ዕቃ፣ በአማካዩ ልክ ከሄደ፣ በዓመቱ 118 ብር ከ60 ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 134 ብር ከ85። ንረቱ ቀንሷል፤ ዕቃው ተወዷል። ይህን አንድ መስመር ሳይጽፉ ማለፍ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንባቢን መበደል ነው።

እኔ ብሆን ማጠቃለያውን እንዲህ አስተካክለዋለሁ፦ «ማሻሻያው በተጀመረ በዓመት ውስጥ ዶላር ከእጥፍ በላይ ጨመረ፤ ብር ከግማሽ በላይ የምንዛሪ ዋጋውን አጣ። ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ18.6 በመቶ ወደ 13.7 በመቶ ዝቅ ብሏል። ዋጋ መጨመሩን አላቆመም፤ የሚጨምርበት ፍጥነት ግን ቀንሷል።»