ራሙ ልክ ገባ፣ ላፕቶፑ ግን አልነሳ አለ

አንድ አንባቢያችን ያገለገለ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ1 አለው። ኮር አይ 5፣ 4ኛ ትውልድ፣ ራሙ 4 ጊጋ። ብራውዘር ላይ አምስት ስድስት ታብ ሲከፍት እየተንቀራፈፈ አስቸገረው። 8 ጊጋ የላፕቶፕ ዲዲአር3 (የራም ዓይነት ነው) ገዛና ባዶው ስሎት ላይ ሰካው። ልክክ ብሎ ገባ። ሲያበራው ግን ስክሪኑ ጥቁር፣ የካፕስ ሎክ መብራት ብቻ ብልጭ ድርግም። አዲሱን ራም ሲያወጣው እንደ ድሮው ይነሳል። "ማዘርቦርዱን አቃጥዬው ይሆን?" ይላል።

ወንድሜ፣ በአሮጌው ራም ከተነሳማ ማዘርቦርዱ ደህና ነው፣ አይዞህ። የገዛኸው ራምም የግድ ብልሽት የለበትም። እኔ የምጠረጥረው ቮልቱን ነው።

ሱቅ ስትሄድ "ዲዲአር3 ያው ዲዲአር3 ነው" ይሉሃል። አይደለም። ቀድሞ የወጣው በ1.5 ቮልት ነው የሚሠራው፣ ከኋላ የመጣው ዲዲአር3ኤል ደግሞ በ1.35። የላፕቶፑ ሁለቱም 204 ፒን ነው፣ ከታች ያለችው ቁርጥም ያው አንድ ቦታ ናት፣ ስለዚህ በመሰካት ብቻ ልዩነቱን አታውቀውም። ዲዲአር4 ቢሆን 260 ፒን ስለሆነ ገና ስትሞክረው እምቢ ይልህ ነበር። ያንተ ፕሮሰሰር የተሠራው ለ1.35ቱ ነው። በተቃራኒው ግን አብዛኛው ዲዲአር3ኤል የ1.5 ቮልት ማሽን ላይም ይሠራል፣ ስለዚህ ለዲዲአር3 ላፕቶፕ ራም ስትገዛ ካጠራጠረህ ኤል ያለበትን ያዝ።

አሁን ቻርጀሩን ንቀል፣ ባትሪውን አውጣ፣ ሁለቱንም ራሞች አውጥተህ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ስቲከሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ደቃቃ ስለሆነ በስልክህ ፎቶ አንስተህ አጉላው። አሮጌው ላይ "ፒሲ3ኤል-12800ኤስ" (PC3L-12800S) የሚል ታገኛለህ። ፒሲ3 ማለት ዲዲአር3 ነው። ከ3ቱ ቀጥላ የተለጠፈችው ኤል 1.35 ቮልቱን ነው የምትነግርህ። 12800 ፍጥነቱ ነው፣ ሱቅ ውስጥ 1600 የሚሉት ያው እሱን ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ኤስ የላፕቶፕ መሆኑን ታሳያለች። የዴስክቶፕ ከሆነ እዚያ ቦታ ዩ ይሆናል። አር ካየህ ግን የሰርቨር ራም ነው፣ እና ዴስክቶፕ ያላችሁ ይቺን አር አደራ እዩልኝ፤ ዋጋው ስለሚረክስ ብዙ ሰው ይገዛዋል፣ ስሎቱ ውስጥም ይገባል፣ ተራ ዴስክቶፕ ግን በእሱ አይነሳም።

አዲሱ ላይ ፒሲ3 ብቻ ተጽፎ ኤሏ ከሌለች ችግርህ እሷው ናት።

ኤሏ ካለችስ? እንግዲያው አሮጌውን አውጥተህ አዲሱን ብቻውን፣ አሮጌው በነበረበት ስሎት ላይ ሞክረው። ወርቃማዎቹን ጥርሶች በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለህ ፈግፍግ፣ ብናኙን አራግፍ። ስትሰካው ጋደም አድርገህ እስከ መጨረሻው አስገባው፣ ከዚያ ወደ ታች ተጫነው። ግራና ቀኝ ያሉት መያዣዎች ቀጭ ብለው ካልያዙት አልገባም ማለት ነው። እዚያም ብቻውን እምቢ ካለ ራሙ ራሱ ነው።

ብራንዱ መለያየቱ አያሳስብህ። 4ና 8 ተቀላቅሎ 12 ጊጋ መሆኑም ችግር የለውም፣ ላፕቶፑ በሁለቱ ስሎት እስከ 16 ይችላል። ፍጥነታቸው ቢለያይ በዝቅተኛው ይሄዳሉ። ዊንዶውስህ ግን 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ ስለማይጠቀም መጀመሪያ ወደ 64 ቀይረው።

ሱቁ የሚለውጥልህ ከሆነ አሮጌውን ራምና ላፕቶፑን ይዘህ ሂድ። ስቲከሩን አሳያቸው፣ እዚያው ሰክተው ያብሩልህ፣ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብተህ 12 ጊጋ ማለቱን በዓይንህ ካየህ በኋላ ተቀበል።