ጥያቄና መልስ፦ ጌጅ ሲሜትሪ በሁለት አካላት ብቻ

ጥያቄ፦ ጌጅ ሲሜትሪን ወደ ኤሌክትሮማግኔቲክ መስክ ሳልገባ መረዳት እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ እንዲያውም ቢዘገይ ይሻላል። በአንድ መስመር ላይ የሚንቀሳቀሱ ሁለት አካላትን ይውሰዱ። ላግራንዢያኑ፣ ማለትም የእንቅስቃሴ ቀመሮቹ የሚወጡበት መግለጫ፣ የፍጥነቶቻቸው ልዩነት ስኩዌር ግማሽ ይሁን፤ ሌላ ምንም አይኑርበት። አሁን ሁለቱንም እኩል ያሸጋሽጓቸው፤ መጠኑ በየቅጽበቱ እንዳሻዎት ይለዋወጥ። ልዩነቱ ስለማይነካ ላግራንዢያኑ ባለበት ይቆያል፤ ሲሜትሪ ማለት ይኸው አለመለወጥ ነው። ጌጅ የሚያሰኘው ይኸው በጊዜ ውስጥ እንደልብ የመምረጥ ነጻነት ነው።

ጥያቄ፦ ከተራው የቦታ ሽግሽግ በምን ይለያል?

መልስ፦ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ አካል የራሱ የእንቅስቃሴ ጉልበት ቢኖረውና ኃይሉ በርቀታቸው ብቻ ቢወሰን፣ የሚፈቀደው ሽግሽግ ቋሚ መጠን ያለው ብቻ ነው። ከዚያ የሚገኘው ድምር ሞመንተም አይለወጥም የሚለው ሕግ ነው፤ 5 ሆኖ ከጀመረ 5 ሆኖ ይዘልቃል። የእኛን ምሳሌ ግን ያስሉት። ሞመንተም ማለት የአካሉ ፍጥነት በጥቂቱ ሲቀየር ላግራንዢያኑ የሚለወጥበት ምጣኔ ነው። የአንደኛው ሞመንተም የፍጥነቶቹ ልዩነት ነው፤ የሁለተኛው ደግሞ ያው ልዩነት ምልክቱ ተገልብጦ። ድምሩ 0 ነው፤ ሌላ ሊሆንም አይችልም። ይህ ድምሩ 0 ነው የሚለው ገደብ የእንቅስቃሴ ቀመር ሳይጻፍ፣ ከሞመንተም ትርጉም ብቻ ወጣ። የሒሳብ ሊቋ ኤሚ ኖተር እ.ኤ.አ. በ1918 ሁለት ቲዎረሞችን አሳትማለች፤ ሁለተኛው የሚናገረው ስለዚህ ዓይነቱ ሲሜትሪ ነው። ሁልጊዜ የሚጠቀሰው የመጀመሪያው ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ እንደዚያ ከሆነ ቀመሩ የወደፊቱን መተንበይ አይችልም ማለት ነው?

መልስ፦ የአንደኛውን ቦታ ለብቻው ከጠየቁ አይችልም። ያልታወቁት ሁለት ሲሆኑ ቀመሩ አንድ ነው፤ ሌላው ያንኑ በተቃራኒ ምልክት ይደግማል። በመካከላቸው ያለውን ርቀት ከጠየቁ ግን አንዳች አይሸሽግም። ጥፋቱ የተፈጥሮ አይደለም፤ ትርፍ ቁጥር የጨመርነው እኛ ነን።

ጥያቄ፦ የአንደኛውን ቦታ ሁልጊዜ 0 ነው ብዬ ብወስንስ?

መልስ፦ ይወስኑ። ጌጅ መምረጥ የሚባለው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የፔንዱለም ዘንግ ርዝመት አለመለወጡም ገደብ ነው። እሱም ጌጅ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ዘንጉ እውነተኛ ኃይል ያሳርፋል፤ ውጥረቱም በቀመሩ ተለይቶ ይታወቃል፤ እንደልብ የሚመረጥ ነገር የለም። የፊዚክስ ሊቁ ፖል ዲራክ ገደቦችን በከፈለበት አከፋፈል ይህ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ የርዝመቱና በዘንጉ አቅጣጫ ያለው ሞመንተም ገደቦች ተጣምረው፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ተለዋዋጭ ከ4 (ሁለት የቦታ፣ ሁለት የሞመንተም) ይቀንሳሉ። የሁለቱ አካላት ገደብ አንደኛ ክፍል ስለሆነ ብቻውን ሁለት ይቀንሳል፤ አንዱን በገደብነቱ፣ ሌላውን በሚያመጣው ነጻነት። በሁለቱም ስሌት 2 ይቀራል፤ ግጥምጥሞሹ አያታልልዎት።

ጥያቄ፦ ሃሚልቶኒያኑ፣ ማለትም እንቅስቃሴን የሚመራው በተለምዶ ጠቅላላ ጉልበት የሆነው መግለጫ፣ 0 የሚሆንበት ሥርዓት አለ ይባላል። ታዲያ ምን ይንቀሳቀሳል?

መልስ፦ ጊዜን ራሱን እንደ አንድ ተለዋዋጭ ከቦታ ጋር ካሰለፉትና ሁለቱን በዘፈቀደ በተመረጠ መለኪያ ከለኩ፣ የጉልበቱና የጊዜው ሞመንተም ድምር 0 ይሆናል። ሃሚልቶኒያኑ ያ ድምር በዘፈቀደ ብዜት ተባዝቶ የሚገኝ ስለሆነ አብሮ 0 ይሆናል። መለኪያውን ትተው «ጊዜው ይህን ያህል ሲሆን አካሉ የት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ የኒውተን ሕግ እንዳለ ይወጣል።