ስራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እወቁት

ልጆቼ፣ ሙያ ለምትጀምሩ ምክር ጻፍ ስባል መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የጃፓኖች ደጋን፣ ቀስት የሚወረወርበት፣ ነው። አትሳቁብኝ። አናጺ ነኝ፤ ዕድሜዬን ከእንጨትና ከኮላ ጋር ጨርሻለሁ። እንጨት የሚያጎብጥ ሰው ካየሁ ዓይኔ እዚያው ይቀራል።

ደቡብ ጃፓን፣ ክዩሹ ደሴት ላይ ሚያኮኖጆ የምትባል ከተማ አለች። በአገሩ ከሚሰራው የቀርከሃ ደጋን 90 በመቶ ያህሉ የሚወጣው ከእሷ ነው። የጃፓን መንግሥትም በፈረንጆቹ 1994 በባህላዊ የእጅ ጥበብነት መዝግቦታል። የተለመደው ደጋን 221 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከባለቤቱ ይረዝማል። መያዣው መሀል ላይ አይደለም፤ ከታች ሲሶው ገደማ ላይ ነው።

ውስጡን እንደ ኮምፔንሳቶ ቁጠሩት። ፊትና ጀርባው ቀርከሃ ነው። መሀሉ ላይ ቀጫጭን የቀርከሃ ስንጥቆች ይደረደራሉ፤ ግራና ቀኛቸውን እንጨት ያቅፋቸዋል። ድሮ ኮላው ከአጋዘን ቆዳ ይቀቀል ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ የፋብሪካ ኮላ ይጠቀማሉ።

እኔን የሚገርመኝ ማጉበጡ ነው። ሞርሳ የለም። ኮላ የተቀባው ደጋን ከላይ እስከ ታች በገመድ ይጠመጠማል። ከዚያ በገመዱ ስር የቀርከሃ ሽብልቅ በመዶሻ ይገባል። አንድ ሁለት እንዳይመስላችሁ፣ ከ100 በላይ ነው! በእያንዳንዱ ምት ደጋኑ ትንሽ ትንሽ ይጎብጣል። ኮላው ሳይደርቅ ማለቅ ስላለበት ቆሞ ማሰብ የለም፤ ሰውዬው ሀሳቡን ጨርሶ ነው የሚጀምረው። ደግሞ የሚያጎብጠው ወደ ተቃራኒው ነው። አውታር ሲታሰርለት ተገልብጦ ይወጠራል፤ ጉልበቱም ከዚያ ይመጣል።

ይሄን ሁሉ የሚሰራው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። ቀርከሃውን በብርድ ወራት ያስቆርጣል ወይም ራሱ ይቆርጣል። ለወራት ያደርቀዋል፣ እሳት እያሳየ ዘይቱን ያወጣዋል። ይሰነጥቃል፣ ይልጋል፣ ያጣብቃል። አውታር ከታሰረ በኋላም አልጨረሰም፤ በእጁና በእግሩ እየተጫነ ያቃናዋል። በኋላ ደጋኑ ቢጣመም ጥፋቱ ከቀርከሃው ይሁን ከሽብልቁ የሚለየው ለዚህ ነው። በፋይበር ግላስና በካርቦን የተሰራው ይረክሳል፣ እርጥበትም አያስቸግረውም። ለጀማሪ ተኳሽ እሱ ይሻላል፤ እውነቱን ልናገር።

የእኛ ወርክሾፖች ግን እንዴት ናቸው? ቆራጩ ኮላ ቀቢውን አያናግረውም። ቫርኒሽ የሚቀባው ልጅ እንጨቱ እርጥብ መሆኑን አያውቅም። ቁም ሳጥኑ ደንበኛው ቤት ገብቶ ሲሰነጠቅ ሁሉም «የኔ አይደለም» ይላል። ሁሉም እውነቱን ነው።

ስለዚህ ለቫርኒሽ ብቻ ብትቀጠሩም እንጨቱ ከየት መጣ፣ ስንት ወር ደረቀ ብላችሁ ጠይቁ። ምሳ ሰዓት ላይ መላጊያው ጋ ሄዳችሁ ቁሙ። ፎርማኑ «ምን አገባህ?» ቢል አትቀየሙት። በማግስቱም ሂዱ።