መልስ፦ የባሕር ላይ ነፋስ ኃይል ጉዳትና ጥቅም እንዴት ይደመራል?

የነፋስ ተርባይኑ የሚቆምበት ምሰሶ እየተመታ ወደ ባሕር ወለል ሲተከል የባሕር እንስሳትን የሚጎዳውን ጫጫታና ከሥራ ዕድሉ የሚገኘውን ገንዘብ በአንድ ቁጥር ለማጠቃለል አትሞክር፤ አይደመሩም። መጀመሪያ ጉዳቱን ከገደብ ጋር አነጻጽር። ጀርመን ለምሳሌ ምሰሶው ሲመታ በ750 ሜትር ርቀት ላይ የአንድ ምት ድምፅ በውሃ ውስጥ ሲለካ ከ160 ዴሲቤል እንዳያልፍ ትጠይቃለች። ካለፈ ምሰሶውን ድምፁን በሚያፍን የአየር አረፋ መጋረጃ መክበብ ወይም የተከላ ዘዴውን መቀየር ነው። ይህ ወጪ በፕሮጀክቱ ሒሳብ ውስጥ ይግባ።

ጥቅሙ ላይ፦

1. ሥራውን በሰው-ዓመት (አንድ ሰው አንድ ዓመት የሚሠራው ሥራ) ቁጠር። ግንባታው ጥቂት ዓመት ነው፤ ጥገናው ግን 25 ዓመት ገደማ ይዘልቃል። ሁለቱን ሳይለይ «ይህን ያህል ሺህ የሥራ ዕድል» የሚል ሪፖርት (ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው) ብዙም አትመነው።

2. ከቦታው የሚነሱት ዓሣ አጥማጆች የሚያጡትን ገቢ ቀንስ። ማን እንዳገኘና ማን እንዳጣም ለየብቻ ጻፍ፤ አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ከልምድ አንድ ማሳሰቢያ፦ የመነሻ መረጃህ (ከግንባታው በፊት የምትሰበስበው) ከአንድ ወቅት ብቻ አይሁን። ዓሣውም የባሕር አጥቢውም እንደ ወቅቱ ይንቀሳቀሳል። ከግንባታው በፊትና በኋላ ለካ፤ ግንባታ የሌለበት ተመሳሳይ ቦታም አብረህ ለካ። አለዚያ የውሃው ሙቀት ያመጣውን ለውጥ በተርባይኑ ታላክካለህ።