ልጁን አሁን እናሰልፈው?

ጥያቄ፦ የምደግፈው የኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ) ቡድን ከአራት ጥሩ የክንፍ ተጫዋቾች በታች ባዶ ነው። ገና የፈረመውን የ19 ዓመት ግራኝ (ዱላውን በግራ ጎኑ ይዞ የሚመታ) በሦስተኛው መስመር (ተራ በተራ ከሚገቡት የሦስት አጥቂዎች ምድቦች በአንዱ) ቀኝ ክንፍ ቢሞክረውስ?

መልስ፦ በአንድ ጨዋታ ብዙውን ጊዜ 12 አጥቂዎች ይሰለፋሉ፤ 8ቱ የክንፍ ናቸው። አራት ብቻ ካላችሁ አንድ ጉዳት ሁለት መስመር ያፈርሳል። ያም ሆኖ ልጁን የክፍተት መሙያ አታድርጉት።

ጎሉን ሳይሆን የሜዳው ዙሪያ ግድግዳ አጠገብ የሚሠራውን ተመልከቱ። ከራሳችሁ ክልል ስትወጡ ፓኩ (የሚመታው የጎማ ዲስክ) በግድግዳው በኩል ይመጣለታል፤ የተጋጣሚ ተከላካይም ተንደርድሮ ይደርስበታል። ግራኝ በቀኝ ክንፍ ይህን ፓክ የሚቀበለው በዱላው ጀርባ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ጥቅሙ ማጥቃት ላይ ነው፦ ወደ መሃል ሲገባ የመምቻ ማዕዘኑ ይሰፋለታል። ስለዚህ መጀመሪያ በግራ ይሞከር።

ውሉንም አትርሱ። በዚህ ዕድሜ የፈረመ ጀማሪ በአብዛኛው ከ10 ጨዋታ በታች ከተጫወተ የውሉ መጀመሪያ በአንድ ዓመት ወደፊት ይገፋል፤ 10ኛውን ከተጫወተ ግን ዓመቱ ይቆጠራል። ዘጠኙን ጨዋታ መፈተኛ አድርጉት፤ በአንድ ጨዋታ 8 ደቂቃ ብቻ የሚያገኝ ከሆነ ግን ወደ ታዳጊዎች ሊግ ተመልሶ 20 ደቂቃ ቢጫወት ይሻለዋል። ለጎደለው ቦታ በአንድ ዓመት ውል ልምድ ያለው ሰው ፈልጉ።