ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ መንገዱ ለጠፋብዎ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ «ዳርክ» የተሰኘውን የጀርመን ተከታታይ ድራማ ሁለት ምዕራፎች በጉጉት ጨርሼ፣ ሦስተኛው ላይ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ጠፋብኝ። ልተወው ወይስ ልቀጥል? (አንባቢ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ እባክዎ አይተዉት። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ የመጨረሻ ምዕራፍ፣ ገጸ ባሕርያቱ በጊዜ ውስጥ ወደ ኋላና ወደ ፊት በሚጓዙበት፣ አስቀድሞ በነበረው የ33 ዓመት ዑደት ላይ ሌላ ትይዩ ዓለም ስለሚጨምር፣ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በእርግጥ ያደክማሉ፤ ይህም የተመልካቹ ሳይሆን የድርሰቱ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ። ዓለማቱን ለመለየት ከዋና ገጸ ባሕርያቱ አንዷ የሆነችውን የማርታን ፀጉር ይመልከቱ፤ በሁለተኛው ዓለም አጠር ብሎ ተቆርጦ ግንባሯ ላይ ይወርዳል። ሻርሎትና ኤልሳቤጥ አንዷ ለሌላዋ እናትም ልጅም መሆናቸውን፣ እንግዳ ቢመስልም፣ ወረቀት ላይ ጽፈው ያስቀምጡት። ከሁሉም በላይ የሰዓት ሠሪውን ቤተሰብ ታሪክ በልብዎ ይያዙ፤ በስምንተኛውና በመጨረሻው ክፍል እኔን ያስለቀሰኝ እሱ ነው።